ውሃው ሲመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት ስሳል ሁለት ነገር ነበር ቃል የገባሁት። አንዱን ባለፈው ሐምሌ 7 ፈጽሜያለሁ። ሁለተኛው ይሄ ነው፤ ለሰው መመስከር። ዘገየሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

የጎንደር ልጅ ነኝ። ዋና ተማርኩ ከተባለ የተማርኩት ጥምቀት ሲሆን ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ነው። ውሃው ከተባረከ በኋላ ዘለህ ትገባለህ፣ ትንሽ ትንቦጫረቃለህ፣ ግድግዳውን ይዘህ ትወጣለህ። ይሄንን ዋና ብዬ ነው ሕንድ ውቅያኖስ የገባሁት!

ናይሮቢ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ "ና ባሕር ላሳይህ" አለኝ። እስከ ሞምባሳ በባቡር ሄድን። ሊኮኒ ላይ በፌሪ ተሻግረን ዲያኒ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ገባን። አሸዋው ነጭ ዱቄት ነው። አንዱ ግመል ላይ ወጥቶ ዳር ዳሩን ይሄዳል፣ ሌላው በትልቅ ካይት እየተጎተተ ውሃው ላይ ይንሸራተታል። በማግስቱ ኪሲቴ የሚባል የባሕር ፓርክ በጀልባ ወስደውን ዶልፊን አየን። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጌ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስነክር የዓሣው ቀለም ጉድ ነው። ላይፍ ጃኬት ስለለበስኩ እንደ ቡሽ ተንሳፈፍኩ። ልቤን ያሳበጠው እሱ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአክስቴ ልጅ ተኝቶ ብቻዬን ወጣሁ። ውሃው ሸሽቶ ሩቅ ሄዷል። በእግሬ እየረገጥኩ ኮራሉ (ባሕር ውስጥ ያለው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር) አጠገብ ያለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ደረስኩ። ኮከብ ዓሣ እያየሁ ሰዓቱን ረሳሁት። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደግሞ ይብስበታል፤ በዋዜማው ማታ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ይሄን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ጣና እንዲህ አያደርግ፣ በምን ልወቀው?

ዞር ስል የመጣሁበት ዝቅ ያለ ቦታ ሞልቷል። ገባሁበት። ወገቤ፣ ደረቴ፣ ከዚያ እግሬ መሬት አጣ። ውሃው ወደ ጎን ይዞኝ ይሄዳል። የምይዘው ግድግዳ የለም።

"ሥላሴ!" አልኩ። አፌ ጨው ሞልቶ ምን ረጅም ጸሎት ይኖራል? ዓይኔ ላይ የመጣው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ነው፤ እነዚያ ፊትና ክንፍ ብቻ የሆኑት መላእክት፣ ዓይናቸው እንደፈጠጠ። ልጅ ሆኜ እፈራቸው ነበር። "ጥላ አስገባለሁ፣ ለሰውም እናገራለሁ፣ ብቻ እናቴን..." አልጨረስኩትም።

አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። የእንጨት ጀልባ ላይ ያለ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። "ፖሌ ፖሌ" ይለኛል፤ ቀስ በል ማለት ነው። በኋላ የአክስቴ ልጅ ሲተረጉምልኝ፣ ሰውዬው ለዚያ ቀን ጨርሶ ገብቶ ኖሯል። የረሳው መረብ ትዝ ብሎት ነው የተመለሰው። አጋጣሚ ነው የሚል ይበል። እኔ ማንን እንደጠራሁ አውቃለሁ።

እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ እልል አለች። ቀጥላ "ጎርጎራ አይበቃህም ነበር?" ብላ ተቆጣችኝ። ጥላውን አብረን አስገባን። ዘንድሮ ጥምቀት ልጆቹ ሲዘሉ እኔ ዳር ቆሜ አየሁ። እማዬ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጣ አልለቀቀችም።