የቆጵሮስ ስም የያዘው ብልቃጥ

ባለፈው መስከረም፣ በምኖርበት ሜሪላንድ፣ የአንዲት ሟች አሮጊት የቤት ዕቃ ሲሸጥ ገብቼ ከክርና ከአዝራር ጋር በካርቶን ውስጥ የተጣለ ትንሽ ብልቃጥ አገኘሁ። ወርቃማ ምልክቱ ላይ «ሺፕር» ይላል፤ ከሥሩ «ኮቲ»። ሩብ ያህል ፈሳሽ ቀርቶበታል፤ ቀለሙም ብዙ እንደፈላ ሻይ ጠቁሯል። 35 ዶላር ከፈልሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ሽቶ ለዓመታት አንብቤአለሁ፤ አሽትቼው ግን አላውቅም።

ክዳኑ መስታወት ስለሆነ ከአንገቱ ጋር ተጣብቋል። በዙሪያው አንድ ጠብታ ዘይት አድርጌ አሳደርሁት። በማግስቱ ጠዋት እየነቀነቅሁ ቀስ ብዬ ሳዞረው ተከፈተ።

ሺፕር ፈረንሳዮች ቆጵሮስን የሚጠሩበት ስም ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ሽቶዎች ቀድሞም ነበሩ፤ ዓለም ያወቀው ግን ሽቶ ቀማሚው ፍራንሷ ኮቲ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣውን ነው። ኮቲ በ1874 በኮርሲካ ደሴት አዣክሲዮ ከተማ ተወለደ፤ የቤተሰቡ ስም ስፖቱርኖ ነበር። ስለ አጀማመሩ የሚነገር ታሪክ አለ፤ በፓሪስ አንድ ትልቅ መደብር ሽቶውን አልቀበልም ሲለው ጠርሙሱን መሬት ላይ ሰበረው፣ ሽታው የሳባቸው ሴቶችም ከበው ያለውን ሁሉ ገዙት ይባላል። ተረት ቢመስልም የሰውየውን ጠባይ ይገልጻል።

የሺፕር ጥበብ ተቃራኒዎችን በማጋባቱ ላይ ነው። ከላይ ቤርጋሞት አለ፤ ከብርቱካን ወገን የሆነ፣ ልጣጩ ብሩህ ሽታ የሚሰጥ ፍሬ። መካከሉ ጽጌረዳና ጃስሚን ነው። ከታች ደግሞ ላብዳነም የተባለ ሙጫ አለ። የሜዲትራኒያን ቁጥቋጦ ቅጠል የሚያወጣው ነው፤ በጥንት ጊዜ እረኞች በቁጥቋጦው መካከል ከዋሉ ፍየሎች ጢም ላይ እያበጠሩ ይሰበስቡት ነበር። ከእርሱም ጋር የባሉጥ ዛፍ ሽበት ተጨምሯል፤ እኛ አገር በጥድ ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው የዛፍ ሽበት ዘመድ። እርጥብ አፈር፣ ጥላ፣ የዱር ውስጥ ጸጥታ፤ ይህን ሁሉ ያመጣው እርሱ ነው።

ሺፕር ከወጣ ከ2 ዓመት በኋላ ሌላው ፈረንሳዊ ሽቶ ቀማሚ ዣክ ጌርላን በዚያው አጥንት ላይ የኮክ ሽታ ጨምሮ ሚትሱኮ የተባለውን ሽቶ ሠራ። ሚትሱኮ ዛሬም ይሸጣል። «ሺፕር» የሚለው ቃልም የአንድ ትልቅ የሽቶ ወገን መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ በስሙ እየተጠሩ አባትየው ከገበያ መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

ብልቃጡ አሜሪካ መገኘቱ አያስገርምም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከፈረንሳይ የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ለእናትና ለእጮኛ የኮቲን ሽቶ ይዘው ይገቡ ነበር፤ ኩባንያውም ገበያውን እዚህ አሰፋ። ኮቲ ግን በገንዘቡ ሌላም ነገር ሠርቷል፤ ጋዜጦች ገዝቶና አቋቁሞ የፋሺስት ማኅበራትን ደግፏል፣ በአይሁድ ላይም ጥላቻ አሰራጭቷል። ሽቶውን እየወደድሁ ይህን መዝለል አልችልም። በ1934 ሲሞት ሀብቱ አብዛኛው አልቆ ነበር። ኩባንያው በ1963 ለመድኃኒት አምራቹ ፋይዘር ተሸጠ። ሺፕር በ1980ዎቹ እንደገና ቢወጣም አልቆየም።

ዛሬ እንደ ቀድሞው ልሥራው የሚል ቢነሣ ሕግ ያግደዋል። በዛፍ ሽበቱ ውስጥ ያሉት አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ቆዳ ስለሚያስቆጡ የአውሮፓ ኅብረት ከልክሏቸዋል። ቬርሳይ ውስጥ በ1990 የተመሠረተው የሽቶ ቤተ መዛግብት ኦስሞቴክ ሺፕርን ያስቀመጠው በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከብርሃን ርቆ፣ በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ ነው። የእኔ ግን ማን ያውቃል ስንት በጋ በሞቀ ቆጥ ላይ አሳልፏል።

እናም ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው የተበላሸ ሽታ ነበር። ቤርጋሞቱ ሞቷል፤ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ነገር ብቻ ቀርቶታል። ልቤ ተሰበረ። የነካሁበትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጥ ልሠራ ሄድሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ የሰነበተችው እናቴ ከሳሎን ጠራችኝ። ወረቀቱን በእጇ ይዛለች።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሽቶ ነው እማዬ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የወጣ።»

እንደገና አሸተተችው። «ከዝናብ በኋላ የኪዳነ ምሕረት ጥዶች እንዲህ ናቸው። ደግሞ ዝባድ ዝባድ ይላል፤ የአባቴ እጅ።»

አያቴ ጅማ አካባቢ የጥርኝ ዝባድ በበሬ ቀንድ እያሸገ ለነጋዴ ያስረክብ ነበር። ኢትዮጵያ ለፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ዋነኛዋ የዝባድ ምንጭ ነበረች፤ እናቴ ግን ዝባዱ የት እንደሚሄድ በልጅነቷ የነገራት ሰው አልነበረም። ወረቀቱን እኔም ወስጄ አሸተትሁ። እውነቷን ነው። የላዩ ሁሉ ሄዶ ጥላው ብቻ፣ ሙጫውና የዛፉ ሽበት፣ ጥልቅና የረጋ ሆኖ ተቀምጧል።

በነጠላዋ ጥለት ላይ አንድ ጠብታ እንዳደርግላት ለመነችኝ፤ አደረግሁላት። ከ3 ሳምንት በኋላ ልትመለስ ስትል ነጠላውን ላጥብልሽ አልኋት። አልሰጠችኝም። አጥፋ በላስቲክ ጠቀለለችውና ሻንጣዋ ውስጥ ከሁሉም በታች አስቀመጠችው።