የጎበጠው ካዝና፦ የልብ ወለድ ጠመንጃ ስነድፍ የደረሰብኝ

ለልብ ወለድ ታሪኩ የሚሆን የመጪ ዘመን ጠመንጃ ራሱ ነድፎ፣ በእንጨት አስቀርጾ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ ይዞ ለመሄድ የሞከረ ከእኔ ሌላ ሰው አላውቅም። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚሞክረው ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አሥራ አንድ ቀን ከቢሮ ወደ ቢሮ ባልተንከራተትሁ፣ የንድፌንም ዋና ስሕተት ከኬላ ፖሊስ አፍ ባልሰማሁ ነበር።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በኋላ ባለችው ድሬዳዋ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ከተማዋን ባቡር ወለዳት፤ በታሪኬም ውስጥ በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕር የሚወርደውን ባቡር የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። ጠመንጃቸው ባሩድ የለውም፤ ጥይቱን የሚወረውረው ኤሌክትሪክ ነው። መጀመሪያ ያሰብሁት በሁለት ትይዩ ሐዲዶች መካከል ጥይት የሚያስፈነጥረውን ዓይነት ነበር፤ የድሬዳዋ ልጅ ሐዲድ የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ መሳቡ አይቀርም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህንኑ ለመርከብ ሲሞክር ቆይቶ በ2010 እ.ኤ.አ. 33 ሜጋ ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) የደረሰ ተኩስ ተኩሷል፤ በ2021 ግን ሥራውን አቁሞታል። ጥይቱ ሐዲዶቹን እየነካ ስለሚያልፍ የሐዲዶቹ ቶሎ መበላት ከችግሮቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ በበርሜሉ ዙሪያ በተከታታይ የተጠመጠሙ የመዳብ ጥቅልሎች ጥይቱን በየተራ እየሳቡ የሚያፈጥኑበትን ዓይነት መረጥሁ።

ስሌቱን ከሥዕሉ በፊት መሥራት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ከሥዕሉ በኋላ ሠራሁት። አምስት ግራም የሚመዝን የብረት ጥይት በሴኮንድ 900 ሜትር እንዲጓዝ ከተፈለገ ጥይቱ 2,025 ጁል ይይዛል። ከባትሪው ከሚወጣው ጉልበት ሩቡ ለጥይቱ ይደርሳል ብለን በልግስና ብንገምት ለአንድ ተኩስ 8,100 ጁል ያስፈልጋል፤ ከዚህም ውስጥ 6,075ቱ ሙቀት ሆኖ እዚያው ጠመንጃው ላይ ይቀራል። ባትሪው አላስቸገረኝም፤ ሠላሳ ተኩስ የሚፈልገው 67.5 ዋት ሰዓት ስለሆነ ዛሬ ያለው የሊቲየም ባትሪ እንኳ ከግማሽ ኪሎ ባነሰ ክብደት ይይዘዋል። ሙቀቱ ግን ንድፌን አፈረሰው። የሠላሳው ተኩስ ሙቀት በአንድ ኪሎ መዳብ ላይ ቢያርፍ መዳቡን ከ470 ዲግሪ በላይ ያግለዋል።

መጋላ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት አሉ። ሄጄ «ጋሼ፣ የጥቅልል መዳብ 470 ዲግሪ ቢደርስ ይቀልጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መዳቡማ ምን ይሆናል፤ የሚቃጠለው ቫርኒሹ ነው። ቫርኒሹ ከሄደ ሽቦ ከሽቦ ይገናኝና ሞተሩ አለቀለት» አሉኝ። ልክ ነበሩ። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሲሆን፣ ሽቦውን የሚሸፍነው ቫርኒሽ ግን ብዙውን ጊዜ ከ220 ዲግሪ በላይ እንዲችል ተደርጎ አይሠራም፤ ብዙው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በታሪኬ ዘበኞች ስምንት ጊዜ ተኩሰው እንዲጠብቁ ያደረግሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ ስምንት ተኩስ መዳቡን 126 ዲግሪ ሲያሞቀው በድሬዳዋ 35 ዲግሪ ላይ ተደምሮ 161 ይሆናል፣ ያን ጊዜም የቫርኒሽ ሽታ ይጀምራል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የምወድደው ምዕራፍ የተወለደው ከዚህ ጥበቃ ነው፤ ባለሙያውን ባልጠይቅ ኖሮ አይኖርም ነበር።

ሌሎቹን ስሕተቶች በአጭሩ ልናገር። ባሩድ ስለሌለው አይራገጥም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ይራገጣል፤ አራት ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ይህን ጥይት ሲተፋ በሴኮንድ ከአንድ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ትከሻ ይመለሳል። ድምፅ የለውም ብዬም ነበር፤ በእኛ ሙቀት ድምፅ በሴኮንድ 350 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በ900 የሚበር ጥይት አየሩን ሲቀድድ መጮኹ አይቀርም። ስሙን ያገኘሁት ከአባቶቻችን ነው። እነርሱ የፈረንሳዩን ፉዚል ግራ ውጅግራ፣ ቬተርሊን ወጨፎ፣ ለቤልን ለበን ብለው ለአፋቸው እንደሚመች አድርገው ነበር። የእኔም ጠመንጃ ከፋብሪካ በእንግሊዝኛ ኮይል ላንስ፣ የጥቅልል ጦር ማለት ነው፣ ተብሎ ወጣ፤ ዘበኞቹ ቆለንሶ አሉት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር እገባለሁ። የመሣሪያውን አያያዝ በትክክል ለመጻፍ በእጄ መያዝ አለብኝ ብዬ ለአናጢ ሰጠሁ፤ እርሱም ከዋንዛ 92 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ሠራልኝ፣ ክብደቱም አራት ኪሎ እንዲሞላ በውስጡ ቁርጥራጭ ብረት ከተተበት። ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚደረደርበትን፣ እንደ ክላሽ ካዝና ጎባጣ ማድረጌ ነው። ቀደም ሲል በተካፈልሁበት አንድ የጽሑፍ ሥልጠና ላይ «አንባቢ ከሚያውቀው ነገር ተነሡ» ተብለን ስለነበር፣ አንባቢ የሚያውቀው ክላሽ ነው ብዬ ከእርሱ ተነሣሁ። ይህን ምክር ዛሬም እቃወመዋለሁ፤ ለገጸ ባሕርይ ይሠራ ይሆናል፣ ለመሣሪያ ግን የደራሲን አእምሮ ያሰንፋል።

የሽፋን ሥዕሉን የሚሠራልኝ ጓደኛዬ ሐረር ስለሚኖር ቅርጹን ልወስድለት ተነሣሁ። ሁሉም «ደብዳቤ ይዘህ ሂድ» ስላሉኝ ወደ አንድ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄጄ «ለልብ ወለድ መጽሐፍ የተዘጋጀ የእንጨት ቅርጽ» የሚል ማመልከቻ አስገባሁ። ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ ታሽጎ ተሰጠኝ። ፖስታውን አልከፈትሁትም፤ ለዚህ ጥፋት ከራሴ በቀር የምወቅሰው የለም።

የደንገጎን ዳገት ወጥተን ጥቂት እንደተጓዝን ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ጆንያው ውስጥ የነበረው ቅርጽ ሰደፉ ወጣ ብሎ ይታይ ነበር። ፖሊሱ አንሥቶ መዘነውና «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የእንጨት ቅርጽ ነው፤ ለመጽሐፍ የተሠራ።»

«እንጨት እንዲህ ይከብዳል?»

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ፖስታውን ቀድዶ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «አቶ እገሌ የጦር መሣሪያ ሞዴል ወደ ሐረር ስለሚያጓጉዙ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው።» ልብ ወለድ የሚለው ቃል የለም፤ መጽሐፍ የለም፤ እንጨትም የለም። ሞዴል የሚለውን ቃል እርሱ የተረዳው እንደማንኛውም መሣሪያ አዋቂ ነበርና «ስንት ሞዴል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከኋላዬ የነበሩት ተሳፋሪዎች ወደ ኋላ ሲሸሹ፣ አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ጉያቸው ሲስቡ አየሁ። ያ ሁኔታ ዛሬም ያሳፍረኛል። በክፉ ዘመን ውስጥ ያለፈ ሕዝብ መካከል ጥቁር ቀለም የተቀባ ጠመንጃ መሳይ ነገር ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ የእነርሱን ድንጋጤ አስቀድሜ ማሰብ የእኔ ግዴታ ነበር።

ሚኒባሱ ትቶኝ ሄደ። ለፖሊሱ ባሩድ እንደሌለው፣ ቀለህ እንደሌለው፣ በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ፣ ይህም ሁሉ በታሪክ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ሳስረዳው በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ካዝናውን በጣቱ እየነካ «ቀለህ ከሌለው ካዝናው ለምን ጎበጠ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የክላሽ ካዝና የሚጎብጠው ቀለሁ ከኋላው ሰፍቶ ወደ ፊት እየጠበበ ስለሚሄድና ጥይቶቹ ሲደራረቡ ቅስት ስለሚሠሩ ነው። የእኔ ጥይት ግን ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው፤ ሲደረደር ቀጥ ብሎ ይደረደራል። ስምንት ወር ስሠራበት ያላየሁትን እርሱ በአምስት ደቂቃ አየው። በዚያ ሰው ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ቅርጹ ጣቢያ ገባ፤ እኔም «ደብዳቤውን የጻፈው አካል ያርመውና ና» ተብዬ ማምሻውን ወደ ድሬዳዋ ተመለስሁ። ደብዳቤውን የጻፈው ሠራተኛ «ወጪ የሆነ ደብዳቤ አይታረምም» አለኝ። አዲስ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ። በሦስተኛው ቀንም፣ በስድስተኛውም ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲወጣ «የጦር መሣሪያ ሞዴል» የሚለው እንዳለ ሆኖ «ለመጽሐፍ» የሚል ተጨመረበት፤ ጣቢያው አልተቀበለውም፤ ትክክል ነበር። አንድ ሰው ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው ቢያነበው በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ጽሑፉን ራሴ ረቂቁን አዘጋጅቼ፣ በፊቴ ሲተየብ ቆሜ እያየሁ አስጨረስሁት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መኖሩን እያወቅሁ ሳላነበው መነሣቴም የራሴ ጥፋት ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ቅርጹን ስረከብ ሰደፉ ከአንገቱ ተሰብሮ ነበር፤ ማን እንደሰበረው የነገረኝ የለም።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው። ደብዳቤ ያዙ የሚለው ምክር ብቻውን ከንቱ ነው፤ ያላነበባችሁትን ደብዳቤ መያዝ ጭራሽ ካለመያዝ ይከፋል። በደብዳቤው ላይ «ሞዴል» አታስጽፉ፤ «የእንጨት ቅርጽ» በቂ ነው። ጥቁር አትቀቡ፤ ክብደት ለመለማመድ ብረት ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ ተለማምዳችሁበት ስትወጡ አውጡት። ቅርጹን በየክፍሉ ፈትታችሁ፣ ሳትጠቀልሉ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጡት። ከቻላችሁ ደግሞ ሥዕል ብቻ ላኩ።

ንድፉንም ከመጀመሪያው ጀመርሁት። እያንዳንዱን ክፍል የፖሊሱን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? ካዝናው ቀጥ አለ፣ ቀጠነም። ቀለህ የሚተፋበት ቀዳዳ ከጎኑ ጠፋ። በርሜሉ ሙቀት የሚያስተነፍሱ ስስ የመዳብ ክንፎች አበቀለ፤ ዘበኛው የጋለውን እንዳይነካ የግራ እጅ መያዣው ወደ ታች ወረደ። ባትሪው ክብደቱ ርግጫውን እንዲያረግብ ሰደፉ ውስጥ ገባ። አዲሱን ቅርጽ ያለ ብረት፣ ቀለም ሳይቀባ፣ በሦስት ተፈትቶ በካርቶን ውስጥ ሳይከደን ስወስደው በዚያው ኬላ ሌላ ፖሊስ አንድ ጊዜ ተመልክቶ አሳለፈኝ።

ጓደኛዬ ክፍሎቹን ጠረጴዛው ላይ ገጣጥሞ ካየ በኋላ ወዲያው መሣል ጀመረ። የመጀመሪያውን ቅርጽ ሰደፉ እንደተሰበረ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ፤ ጎባጣውን ካዝና ግን ነቅዬ ለአናጢው መለስሁለት።