ከጦር ሠራዊት ወደ አናፖሊስ፦ በስቴት ፖለቲካ ውስጥ የሄድኩበት መንገድ

ሰዎች የቀድሞ ወታደር መሆኔን ሲሰሙ ወግ አጥባቂ ፖለቲካ የምከተል ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ተራማጅ የሚባለውን አቋም የያዝኩት እዚያው ጦር ሠራዊቱ ውስጥ ነው። በዲቪ መጥቼ የአሜሪካን ምድር ጦር የተቀላቀልኩት ደመወዝና ትምህርት ፈልጌ ነበር፤ ዜግነቴንም ያገኘሁት በአገልግሎት ላይ ሳለሁ ነው። በጭነት መኪና አሽከርካሪነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ለሕክምና ሂሳብ አልተጠየቅሁም፤ የቤት ኪራይ አበሌ በማዕረጌና በቤተሰቤ ሁኔታ ተሰልቶ ይከፈለኝ ነበር፤ ልጄ ትውልበት የነበረው የጦር ሰፈሩ የሕፃናት ማቆያም ክፍያውን የሚተምነው በቤተሰቡ ገቢ ልክ ነበር። ስወጣ ደግሞ ከ2001 በኋላ ላገለገሉት የተደነገገው ጂአይ ቢል የተባለው የትምህርት ድጋፍ ሕግ የኮሌጅ ክፍያዬን ቻለልኝ። ይህን ሁሉ ሶሻሊዝም ብሎ የሚጠራው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ በኋላ ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ጎረቤቶቼ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን የሚሠሩ እናቶች፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞችና የኡበር ሾፌሮች ነበሩ፤ ከእኔ ያላነሰ እየደከሙ፣ ኪራይና የሕፃናት ማቆያ ከከፈሉ በኋላ እጃቸው ላይ የሚቀር ነገር አልነበረም። የእኔ ፖለቲካ ከዚህ ንጽጽር የራቀ ፍልስፍና የለውም። አንድ ሾፌር የደንብ ልብስ ስለለበሰ የተቻለው ነገር፣ ልብሱን ሲያወልቅ የማይቻል የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

የጀመርኩት ግን ከወረቀት ነው። በኦገስት 2022 የተፈረመው ፓክት የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ ጦር ሰፈሮች ቆሻሻ ያቃጥሉባቸው በነበሩ ጉድጓዶች ጭስ የተጎዱ ወታደሮች ሕመማቸው ከአገልግሎታቸው የመጣ መሆኑን አንድ በአንድ እንዲያስረዱ ይጠየቁ የነበረውን ለብዙ በሽታዎች አስቀርቷል። በሕጉ ከተዘረዘሩት አገሮች መካከል አፍጋኒስታን ብቻ ሳትሆን ጂቡቲም አለች፤ ይሁንና ጂቡቲ ያገለገሉና ከወጡ በኋላ አስም የያዛቸው ወንድሞቻችን «እኛ መቼ ጦርነት ዋልንና» እያሉ ሳያመለክቱ ተቀምጠው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግቼ ቅጽ ማስሞላት ያዝኩ። ብዙም ሳይቆይ ወረፋው ላይ ወታደር ሆነው የማያውቁ ሰዎች በዙ፤ አንዷ ከቤት የማስለቀቅ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ ሌላው የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ፣ ሌላዋ የነርስነት ፈቃድ ማመልከቻ ይዘው ይመጡ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ኋይት ሐውስ ውስጥ አይወሰንም። ሁሉም የስቴት ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ስለ አዲስ አበባና ስለ ዋሽንግተን ሌሊቱን ሲከራከር ያድራል እንጂ የራሱን ዴሊጌቶች፣ ማለትም በስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት የሚወክሉትን ሰዎች፣ ስም አያውቅም።

የስቴቱ ጉባኤ ወደሚቀመጥበት ወደ ሜሪላንድ ዋና ከተማ ወደ አናፖሊስ ልሄድ መሆኔን ስናገር የዕድራችን ሰብሳቢ፣ «አንተ ልጅ፣ ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ነው! ከጦር ሜዳ በሰላም ተመልሰህ ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?» አሉኝ። በቀይ ሽብር ወንድማቸውን ያጡ ሰው ናቸውና ልከራከራቸው አልወደድኩም። «ጋሼ፣ አከራይዎ የስንት ወር ማስያዣ እንደሚቀበልዎት የሚወሰንበት ቦታ እኮ ነው የምሄደው» ብቻ አልኳቸው። በ2024 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ማስያዣውን ከሁለት ወር ኪራይ ወደ አንድ ወር ሲያወርደው መጀመሪያ የደወሉልኝ እሳቸው ነበሩ።

የሜሪላንድ ጠቅላላ ጉባኤ በየዓመቱ ከጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀን ይሰበሰባል፤ በዚህ ጊዜ 141 ዴሊጌቶችና 47 ሴናተሮች ከ2,000 በላይ የሕግ ረቂቆች ይቀርቡላቸዋል። ለጀማሪ የሚመቸው፣ በልማዱ እያንዳንዱ ረቂቅ በኮሚቴ ፊት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ያለው መሆኑ ነው። ማንኛውም ሰው አስቀድሞ በኢንተርኔት ተመዝግቦ መናገር ይችላል፤ የሚሰጠው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ እንደ እኛ ስብሰባ በሰላምታና በምስጋና የሚጀምር ሰው ዋናው ነገር ላይ ሳይደርስ ደወል ይደወልበታል። የረቂቁን ቁጥር፣ የምኖርበትን ዲስትሪክትና የምጠይቀውን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መጨረስን የለመድኩት ከወታደር ሬዲዮ ነው። የቀረውን ጊዜ ለአንድ ሰው ታሪክ እሰጣለሁ፤ ባለታሪኩ ራሱ አጠገቤ ተቀምጦ ቢናገር ደግሞ ይበልጣል።

የቀድሞ ወታደር መባል በር ይከፍታል፤ ገዥው ዌስ ሙር ራሳቸው በ82ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ስር አፍጋኒስታን የዘመቱ ናቸው፤ የወታደር አገልግሎት በስቴቱ ፖለቲካ ውስጥ ክብር አለው። ነገር ግን ገደቡን ማወቅ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ለፓርቲ መቀስቀስ አይችልም፤ ከሠራዊቱ የወጣም ቢሆን የደንብ ልብሱን ለብሶ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ መቆም የለበትም። ከደንቡ ባሻገር እኔ የማልወደው፣ ማንኛውንም ጥያቄ «አገሬን አገልግያለሁ» በሚል መልስ መዝጋትን ነው፤ ኮሚቴው ለአገልግሎቴ አመስግኖኝ ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጠው አይቻለሁና።

ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው እንዴት እንደሆነ ያስተማረኝ፣ ካውንቲዎች አከራይን ያለ በቂ ምክንያት ተከራይ እንዳያስወጣ የሚከለክል ደንብ እንዲያወጡ ሊፈቅድ የነበረው ሕግ ነው። በ2024 የዴሊጌቶች ምክር ቤት አሳልፎት ሴኔት ውስጥ ቀረ። ወንበራችንን ሞልተን የተሟገትነው በአብዛኛው ከዴሊጌቶቹ ጋር ነበር፤ በሌላ በኩል የነበሩት አከራዮች ግን ሴኔቱን ዓመቱን በሙሉ ሲያነጋግሩት እንደከረሙ በኋላ ተረዳሁ። ዋናው ሥራ ያለው ጉባኤው በማይሰበሰብበት ጊዜ፣ በአሜሪካው በጋና መኸር ነው፤ የሴናተሩን የቢሮ ሠራተኛ ቡና ጋብዞ ችግሩን ማስረዳት የዚያን ጊዜ ይቀላል። እኔም የአንዲት ዴሊጌት ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩት፣ በዚሁ ወራት ቢሯቸው የሚደርሳቸውን የአማርኛ ተናጋሪዎች አቤቱታ በነፃ ሳግዝ ቆይቼ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም በር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ዴሊጌት ወይም ሴናተር ወንበር በመሃል ሲለቀቅ በአብዛኛው የማሟያ ምርጫ አይደረግም፤ የለቀቀው ሰው ፓርቲ የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስም ያቀርባል፣ ገዥው ይሾማል። ከዛሬዎቹ የምክር ቤት አባላት በርካቶች መጀመሪያ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። የኮሚቴው አባላት ራሳቸው በፓርቲው ቅድመ ምርጫ በድምፅ የሚመረጡ ቢሆንም፣ ስማቸውን አንብቦ ድምፅ የሚሰጥ መራጭ ጥቂት ነው። የምርጫ ጣቢያዬን የፓርቲ ኃላፊነት የተቀበልኩት ይህን ሳውቅ ነው፤ ሥራው በር ማንኳኳትና ስብሰባ መቀመጥ እንጂ ክብር የለውም።

ጎንደር የሞንትጎመሪ ካውንቲ እኅት ከተማ ናት፤ በዓላችን ላይም ባለሥልጣናት ነጠላ ለብሰው ይገኛሉ። የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት በኮሚቴ ፊት ግን እኛ እምብዛም አንታይም፤ የምክር ቤቱም ወንበር ሩቅ ሆኖብናል። ለምን አትወዳደርም የሚሉኝ አሉ። ለዴሊጌትነት የመመዝገቢያው ክፍያ 50 ዶላር ብቻ ነው፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 90 ቀን ከሥራ መቅረትን የሚፈቅድ አሠሪ ማግኘት ነው። ጠበቃ፣ ጡረተኛና የራሱ ድርጅት ያለው ሰው ይችለዋል፤ በሰዓት የሚከፈለው አይችለውም። እኔም እስካሁን ያልተመዘገብኩት ለዚህ ነው፤ የአሁኑ ሥራዬ ከልጄ የኮሌጅ ወጪ የሚያተርፈው ነገር እስኪኖር ድረስ በረዳትነቱ እቆያለሁ።