ጉሙን አልቀባሁትም

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደወለልኝ። ካፌ ውስጥ የተሰቀለውን የታርማበር ሥዕሌን አይቶ ነው። «ጉሙን በምን ዓይነት ነጭ ቀለም ነው የሠራሽው?» አለኝ። ነጭ ቀለም የለኝም። ጉሙ ወረቀቱ ራሱ ነው።

በዘይት ቀለም ስትሳሳት ከላይ ደርበህ ታስተካክላለህ። በውሃ ቀለም ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው። አንዴ ከሸፈንከው አለቀ። ስለዚህ እርሳስ ከማንሳቴ በፊት የማልነካውን ቦታ እመርጣለሁ።

የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ደጃፍ አልረገጥኩም። ሙያዬ ሂሳብ ነው። የጀመርኩት በልጄ የትምህርት ቤት ቀለም፣ ማታ ማታ ዩቲዩብ እያየሁ ነው። ሁለት ዓመት በተራ ወረቀት ስታገል ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር። ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ይላጣል። በኋላ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት አመጣችልኝ። ቀለሙ ሳይበላሽ ቁጭ ሲል እንባዬ መጣ። አንዱ ሙሉ ወረቀት 56 በ76 ሳንቲ ሜትር ነው። አራት ቦታ እቆርጠዋለሁ።

የታርማበሩን የሠራሁት ጥቅምት 2011 ነው። መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ጋ ሳንደርስ ከመኪና ወረድኩ። ከታች ደብረ ሲና ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ነበር። አዲስ አበባ በጥር ፀሐይ ብሩሼን እስካዞር ቀለሙ ይደርቃል። እዚያ ግን ብርዱና እርጥበቱ አላደርቅ አለኝ። ወረቀቱን በሃይላንድ ውሃ አራስኩት። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡኒ ቀላቀልኩ። ሁለቱ ሲገናኙ የደጋ ድንጋይ የመሰለ ግራጫ ይወጣቸዋል። ከተራራው ጫፍ ላይ አሳረፍኩትና ቁጭ ብዬ አየሁት። ቀለሙ ራሱ እየተንሸራተተ ወደ ነጩ ገባ፤ የተራራው ጠርዝ ሟሟ። በሶፍት ላነሳው እጄ ተዘረጋ። ተውኩት።

አህያ የሚነዱ አንድ አባት ቆሙ። «ልጄ፣ በዚህ ብርድ ምን ትጽፊያለሽ?»

አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ገደሉስ የታል?» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው ወደዚያው ተመለከቱ። ጉሙ ውጦታል። «እውነትሽን ነው» ብለው አህዮቻቸውን ነዱ።

ሽያጭ ላይ መጀመሪያ በጣም ተጎድቻለሁ። «ወረቀት ነው እኮ» ሲሉኝ የፍሬሙን ብቻ ተቀብዬ የሰጠሁት አለ። አሁን ዋጋዬ በመጠን ነው። 28 በ38 የሆነው ያለ ፍሬም 7,000 ብር። ሁለት ጊዜ ከፍዬ ልውሰድ ለሚለኝ ደስ እያለኝ እሰጣለሁ። ፍሬሙን ግን እኔው አሠራለሁ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። አንድ ጊዜ አንድ ፍሬም ሠሪ ጀርባውን በሙሉ ኮላ ቀብቶት ሥዕሉ አበጠ፤ ገዢዋም መለሰችልኝ። መስታወቱና ወረቀቱም መነካካት የለባቸውም። በመሃላቸው የካርቶን ጠርዝ ካልገባ እርጥበት ሲይዘው ይጣበቃል።

የደወለልኝ ሰው ሥዕሉ መሸጡን ስነግረው «እንግዲያው ያንኑ ድገሚልኝ፤ ለወንድሜ ነው» አለኝ። አልችልም አልኩት። እጄ ቢደግመው እንኳ ያ ውሃ እንደዚያ አይፈስም። ኮፒ አትሞ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ኮፒ ነው ብሎ በግልጽ መናገር እስካለ ድረስ። እኔ ግን የምሸጠው ያንን አንዱን ነው። ሌላ ጠዋት ሌላ ሥዕል እሠራለታለሁ፤ ተስማምተናል።

የታርማበሩን የገዙት ደብረ ሲና ተወልደው ያደጉ እናት ናቸው። ካፌው ውስጥ ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ቆመው አዩት። «ይሄ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው» አሉኝ። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው። «ከዚያ በኋላ ጉሙ እዚህ ጋ አይቀመጥማ!»

የጀመርኩት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

በሁለት ዙር በቴሌብር ከፈሉኝ። ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው ከመስኮት ፊት ለፊት እንዳይሰቅሉት ለመንኳቸው። ትናንት ወስደውት ማታ ፎቶ ላኩልኝ። ኮሪደራቸው ላይ፣ ጥላ ቦታ፣ ከእናታቸው ፎቶ ጎን ሰቅለውታል።