ሾጣጣ ጥይት ማፍሰስ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ድቡልቡሏን ጥይት ማፍሰስ፣ ማለትም እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ ማውጫ መሥራት፣ ከለመድኩ ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ወደ ሾጣጣው ተሻግሬያለሁ። ሽጉጤ በ1858ቱ ሬሚንግተን አምሳል ጣሊያን አገር የተሠራ፣ ባለ 44 ካሊበር የጥቁር ባሩድ ሪቮልቨር ነው። ቀለህ የለውም። ባሩዱም፣ ጥይቱም፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕም ለየብቻ ነው የሚገቡት። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር አይደምረውም። የስቴቶች ሕግ ግን ይለያያልና ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁበትን አጣሩ።

ሾጣጣው የዛሬ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ኮልት ከሽጉጡ ጋር ያቀርበው የነበረው ቅርጽ ማውጫ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ጉድጓድ ነበር፤ አንዱ ለድቡልቡል፣ አንዱ ለሾጣጣ። ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለወታደሩ የሚታደለው በወረቀት የተጠቀለለ የሪቮልቨር ጥይትም በአብዛኛው ሾጣጣ ነበር። በነገራችን ላይ የኛው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ የፈሰሰው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። እሱ ነሐስ ነው፤ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። የኔ እርሳስ 327 ላይ እጅ ይሰጣል።

ድቡልቡል ጥይት ይቅር ባይ ነው። እንዴትም ብታስገባው ያው ክብ ነው። ሾጣጣው ግን አፍንጫና ቂጥ አለው፤ ትንሽ ካዘነበለ አዘንብሎ ይወጣል። ስለዚህ ከእርሳስ ምርጫ ጀምሮ ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ጥይቱ ቀጥ ብሎ እንዲገባ።

መጀመሪያ እርሳሱ። ንጹሕና ለስላሳ መሆን አለበት። ጥይቱ ከሲሊንደሩ፣ ማለትም ጥይት ከሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል፣ ቀዳዳ በጥቂቱ ወፍሮ ነው የሚሠራው። ሽጉጡ ላይ ያለው መጠቅጠቂያ ወደ ቀዳዳው ሲጫነው ዙሪያውን ይላጭና ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ይወድቃል። ያ ቀለበት ከታየ ጥይቱ ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ ዘግቷል ማለት ነው። ካልዘጋ ደግሞ የአንዱ ቀዳዳ እሳት ወደ ጎረቤቱ ዘልሎ ብዙ ጥይት ባንዴ ሊፈነዳ ይችላል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ጠንካራ እርሳስ ከሆነ መጠቅጠቂያውን እስከ ማጣመም ያደርሳል። እኔ የምጠቀመው ከድሮ ጣሪያና ከራጅ ክፍል ግድግዳ የወጣ ዝርግ እርሳስ ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ስትጭሩት መስመር ከወጣ ደህና ነው።

ጎሚስታ ቤት የሚጣለውን የጎማ ባላንስ ለዚህ ሥራ ተዉት። አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን ስላለበት ይጠነክራል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ብዙው ዚንክ ነው። ዚንክ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እርሳሱ ውስጥ ከገባ ድስቱ ሙሉ ገንፎ ይሆናል፣ ቅርጽ ማውጫውንም አይሞላም። የመኪና ባትሪ ጨርሶ አትንኩ። ውስጡ ያለው ነገር መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ንጹሕ እርሳስ ትንሽ ሞቅ ያለ ይወዳል፤ ከ400 ዲግሪ ከፍ አድርጌ ነው የምሠራው። ግን ጥይቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የእርሳሱ ሙቀት ሳይሆን የቅርጽ ማውጫው ነው። እንደ ምጣድ መሟሸት አለበት። ቀዝቃዛ ከሆነ ጥይቱ ተጨማዶ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ላዩ አመዳይ የነካው ይመስላል። አሁን የአሉሚኒየሙን ቅርጽ ማውጫ ጥግ ቀልጦ ያለው እርሳስ ውስጥ ነከር አድርጌ እይዛለሁ። እርሳስ ሳይጣበቅበት ሲወጣ ሞቋል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ሳላይ ወደ ድስቱ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ምቱን አለመልቀቅ ነው፤ ማፍሰስ፣ ትርፉን መቁረጥ፣ መክፈት፣ እንደገና ማፍሰስ። ስልክ ካነሳችሁ ቀዘቀዘ።

ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን አሰር ለማውጣት ቁራጭ ሰም ጣል አድርጌ በጭልፋ አማስላለሁ። ጭሱ ይበዛል፣ ስለዚህ ሥራው ውጭ ነው። ውሃ አጠገቡ አይድረስ። አንዲት ጠብታ የቀለጠው እርሳስ ሥር ከገባች ወደ እንፋሎት ተለውጣ ሙሉውን ፊታችሁ ላይ ትረጨዋለች። መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ። ድስቱና ጭልፋው ወደ ማድቤት አይመለሱም። እጅ ሳይታጠቡ ምግብ የለም፤ ልጆችም አጠገቡ አይደርሱም።

ሾጣጣው የማይሞላው ብዙ ጊዜ ቂጡ ላይ ነው። የኔ ቅርጽ ማውጫ የሚያወጣው 200 ግሬይን፣ ማለትም 13 ግራም ገደማ ነው። ድቡልቡሉ ወደ 9 ግራም ነው። ቂጡ ላይ ጠበብ ያለ ተረከዝ አለው፤ ቀዳዳው ውስጥ በጣት ገባ ብሎ ቆሞ መጠቅጠቂያውን እንዲጠብቅ። የተረከዙ ጠርዝ ስለት ያለው ካልሆነ ጥይቱ ገና ሲገባ ያዘነብላል። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ቂጡን ነው። ከዚያ በሚዛን። ቀለል ያለው ውስጡ አየር ይዟልና ይመለሳል።

ቅባቱ ሰምና የበግ ሞራ፣ እኩል በእኩል ነው። ለበጋ ሰሙን በዛ አደርጋለሁ። ከነዳጅ የሚወጣ ግሪስ ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲቃጠል እንደ ሬንጅ ይደርቃል፣ ማጽዳቱ መከራ ነው።

መጠቅጠቂያው አሁንም ያስቸግረኛል። ጫፉ የተቦረቦረው ለድቡልቡል ነው፤ የሾጣጣውን አፍንጫ ጫን ሲል ያጣምመዋል። ከመጠቅጠቂያው ሥር ያለው ክፍተትም ለረጅሙ ጥይት ጠባብ ነው። ሬሚንግተን ደግ ነው፣ ዘንጉን ስባችሁ ሲሊንደሩን ማውጣት ትችላላችሁ። ስለዚህ ለብቻው በትንሽ መጫኛ መሣሪያ እየጠቀጠቅኩ ነው፤ ካፑን የማስገባው ሲሊንደሩ ተመልሶ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ላይ የሚያርፉት ቀዳዳዎች በግልጽ ተሰባስበዋል።

እውነቱን ለመናገር በ25 ያርድ ላይ ድቡልቡሉ አሁንም ይበልጠዋል። ለውድድር የሚተኩስ ሰው ቢጠይቀኝ በድቡልቡሉ ጽና እለዋለሁ። እኔ ሾጣጣውን የምወደው ማፍሰሱን ስለምወድ ነው። ቀጥሎ የመጠቅጠቂያውን ጫፍ ለሾጣጣው አፍንጫ እንዲስማማ ለማስቦርቦር አስቤያለሁ። ኔቪ በሚባለው ባለ 36 ካሊበር ሽጉጥ ላይ ይህን የሞከረ ካለ፣ ጫፉን ምን ያህል ጥልቅ እንዳስደረገው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።