ጅብ ጅብ ትሸታለህ

ቡቺ ፈሪ ውሻ አይደለም። ቢያንስ ኮተቤ እያለ አልነበረም። ሌሊት ከየካ ተራራ በኩል የጅብ ድምፅ ከሰማ አጥሩ ስር ቆሞ እስኪነጋ ይጮሃል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባል የለ? የእኛው ጅቡ ሳይሄድም ይጮሃል። መሃላቸው የብሎኬት አጥር አለ፣ ምን ቸገረው።

ስለዚህ ሐረር ይዤው ስሄድ ያሳሰበኝ መንገዱ ብቻ ነበር። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በቪትዝ የኋላ ወንበር ላይ ቀላል አይደለም። መተሃራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ በመስኮት እያሸተተ አለፈ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ምላሱን አስጎለጎለው። ሂርና ስንደርስ አስታወከ። ከዚያ ወዲያ ተኛ፤ ቁልቢንም አላየ፣ ደንገጎንም አላየ።

ጀጎል ውስጥ ባድር ደስ ይለኝ ነበር። ግን የውሻ ምራቅ ነጃሳ በሚባልበት ቤት ውሻ አስከትሎ መግባት ነውር ነው። ከግንቡ ውጪ ግቢ ያለው ማረፊያ አገኘሁ። ቡቺ ዘበኛውን አባባን ገና በመጀመሪያው ምሽት ተወዳጃቸው፣ እግራቸው ስር ተጋደመ።

በማግስቱ ማታ እሱን ትቼ ሰው ጅብ ሲያበላ ለማየት ወጣሁ። ሐረር ጅብን እንደ ጎረቤት ነው የምታየው። ግንቡ ራሱ፣ ያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ ከታች ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ሌሊት ገብቶ የከተማውን ቆሻሻ ጠርጎ ይወጣል። በዓሹራ በዓል ደግሞ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል። ይህን ሁሉ አውቄ ስለሄድኩ የማልፈራ መስሎኝ ነበር።

አብዪው ሥጋ የተንጠለጠለበት እንጨት ከራሴ በላይ ያዘ። «ዝቅ በል» አለኝ። ዝቅ አልኩ። አንዱ ጅብ ሁለት የፊት እግሮቹን ትከሻዬ ላይ ጣለና ሥጋውን ከጆሮዬ አጠገብ ቦጨቀ። ክብደቱ! ትንፋሹ ደግሞ የሰነበተ ሥጋ። ሰው ፊት ሳቅሁ እንጂ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ተመልሼ የግቢውን በር ስከፍት ቡቺ እንደልማዱ እየሮጠ መጣ። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ግን ቀጥ አለ። አፍንጫው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። የጀርባው ፀጉር ከአንገቱ እስከ ጭራው ቆመ። ከዚያ ጭራውን እግሮቹ መሃል ወሽቆ፣ ሆዱ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። «ቡቺዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!» አልኩት። ድምፄን ሲሰማ ጭራው ጫፉ ላይ ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ አፍንጫው ግን እምቢ አለው።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ታመመ ብዬ ደነገጥኩና አንገት ማሰሪያውን ይዤ ጎተትኩት። እዚያው ሽንቱን ለቀቀው።

«ተወው! ተወው ልጄ!» አሉ አባባ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «ጅብ ጅብ ትሸታለህ እኮ።»

ለካ! ውሻ ሰውን የሚያውቀው በመልኩ ብቻ አይደለም። እኛ አምስት ስድስት ሚሊዮን ሽታ ተቀባይ ሴሎች ሲኖሩን የእሱ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ኮተቤ ላይ የሚሰማው ድምፅ ሩቅ ነው፤ አሁን ግን ሽታው በቅርብ መጣበት፣ ያውም ጌታውን ለብሶ። ሌላም ነገር አለ። ውሾች የፈራ ሰውን ላብ ሲያሸቱ ራሳቸውም እንደሚጨነቁ በጥናት ታይቷል። ሰዎቹን በሳቄ ሸውጃለሁ፤ ሸሚዜ ግን እንደፈራሁ ለቡቺ ነግሮታል። እኔ እንኳ የፈራሁትን እሱ ለምን አይፍራ?

ጃኬቱንና ሸሚዙን ውጪ ሽቦ ላይ ሰቀልኩ። ጫማውን ደጅ ተውኩ። በሳሙና ታጥቤ ስወጣ አልጠራሁትም፣ ዓይን ዓይኑንም አላየሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ሻያቸውን እየጠጡ ስለ ድሮ አህያቸው ያወሩኛል፤ የአህያይቱን መጨረሻ መገመት አይከብድም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ክርኔ ላይ እርጥብ ነገር ተሰማኝ። አፍንጫው ነው። ክርኔን፣ ብብቴን፣ ፀጉሬን አንድ በአንድ ፈተሸና ረጅም ትንፋሽ ለቆ ተጋደመ።

ጠዋት ጃኬቱን ራሱ ሄዶ መረመረው። የኋላ እግሮቹን እዚያው ትቶ አንገቱን ብቻ እንደ ላስቲክ ሳበ። ትከሻው ላይ የደረቀ የጭቃ ኮቴ አለ። እሱን አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ዘሎ ራቀ። እንደገና መጣ። አልከለከልኩትም፣ አላበረታታሁትምም።

ስንመለስ ጃኬቱን በፌስታል ጠቅልዬ የቪትዟ የኋላ ኮፈን ውስጥ ከተትኩት። በድርብ ፌስታል ነው፣ ጥብቅ አድርጌ ነው የቋጠርኩት። ቡቺ ግን እስከ አሰበ ተፈሪ ድረስ መስኮቱን አንዴም ዞር ብሎ አላየም፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ፌስታሏን ሲጠብቅ ሄደ።