«ደህና ነኝ ብሏል»

ዲሲ ዳውንታውን ፓርኪንግ ለሠራ ሰው የማታውን ራሽ ማስረዳት ትርፍ ነው። ከ5 ፒኤም በኋላ መንዝሊዎቹ (በወር የሚከፍሉት ደንበኞች) በሙሉ በአንድ ሊፍት ይወርዱብሃል፣ ሁሉም ይቸኩላል፣ የሁሉም መኪና ደግሞ ስታክ ተደርጎ ሶስተኛ ረድፍ ላይ ነው። ያን ሰዓት ቁልፍ ቦርዱ ጋ የቆመው ሰው ነው ቤቱን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም። ማን የቱን መኪና እንደሚያወጣ፣ የትኛው ራምፑ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢቆም ችግር እንደሌለው፣ የትኛዋ ሴትዮ ልጇን ከዴይኬር ለማንሳት እየሮጠች እንደሆነ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ማናጀራችን ይሄን ሰው ኳርተርባክ ነበር የሚለው፣ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ሰው ማለት ነው።

ማናጀሩ ሜሪላንድ ፒጂ ካውንቲ ተወልዶ ያደገ ሰውዬ ነው። የዋሽንግተን ቲም (ያኔ የድሮ ስሙን አልቀየረም) እሁድ ከተሸነፈ ሰኞ ስለ ደሞዝ ማንሳት ክልክል ነው። አብዛኛው ሰኞ ክልክል ነበር ማለት ነው።

እኔ የገባሁት በ2012 ስፕሪንግ ነው፣ ፓርት ታይም፣ ቅዳሜና እሁድ። በዛው ሰሞን ቲሙ ኳርተርባክ አገኘን ብሎ አብዷል። አዲስ ተጫዋች በሚመረጥበት ድራፍት ከ6ኛ ፒክ (የመምረጥ ተራ) ወደ 2ኛ ለመውጣት ብቻ ሶስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ፒክ ለሴንት ልዊስ ቲም አስረክቦ ሮበርት ግሪፈንን አመጣ። ማናጀራችን ደግሞ ከሌላ ቅርንጫፍ አንድ ልጅ አመጣ፣ ፈጣን ነው፣ ታርጋ በቃሉ ይይዛል፣ ካስተመሩ ይወደዋል የተባለለት የኛው አበሻ። በምትኩ ሶስት ሾፌር ሰጠ። አልቀለድኩም፣ ሶስት። ሁለቱ ከስምንት ዓመት በላይ የሠሩ ነበሩ፣ አንደኛው ትልቁን ቫን ሳይቀር በኋላ ማርሽ ራምፕ የሚያወጣ።

ልጁ ሲመጣ ከቦርዱ የተነሳው ጋሼ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ቡዝ ውስጥ ካሸር አርገው አስቀመጡት። ጋሼ በሱዳን በኩል ዞሮ በ1985 አሜሪካ የገባ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ያየው ፉትቦል የዛኑ ዓመት ኖቬምበር 18 ሰኞ ማታ የነበረው ነው፣ ሆቴል ኪችን ሰሃን እያጠበ ቀና ሲል ላውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ የጆ ታይዝማንን እግር ሲሰብረው። «ይሄ ነው እንዴ ኳሳቸው ብዬ ሁለት ዓመት አላየሁም» ይላል። ከዛ በጃንዋሪ 1988 የዋሽንግተኑ ዳግ ዊሊያምስ በአንድ ኳርተር አራት ቶችዳውን ወርውሮ ዴንቨርን 42 ለ 10 ሲያሸንፉ፣ ሱፐር ቦውልን (የፉትቦሉን የዋንጫ ጨዋታ) ጀምሮ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሲሆን፣ አብረውት የሚሠሩት ትልልቅ ሰዎች ሰሃን ጥለው ሲያለቅሱ አየ። በቃ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ የነሱ ሆነ።

የጋሼ ፍልስፍና አንድ ነው። የዋሽንግተኑ ኮች ጆ ጊብስ ሶስቱን ዋንጫ በሶስት የተለያየ ኳርተርባክ ነው ያነሳው፣ ታይዝማን፣ ዊሊያምስ፣ ሪፒን። ስለዚህ ነገሩ ኳርተርባኩ አይደለም፣ ፊቱ የሚቆሙለት ግዙፎቹ ናቸው። እነዛን ሰዎች ሆግስ ነበር የሚሏቸው፣ ደጋፊው የአሳማ አፍንጫ አድርጎ ነበር ስቴዲየም የሚገባው። ጋሼ ሲያወራ «እነዛ… እነዛ እንስሶች» ይላል፣ በጾም ስማቸውን አይጠራም። ማናጀሩ ሶስቱን ሾፌር የሰጠ ቀንም «ከፊቱ የሚቆሙትን ሸጦ ወርዋሪ ገዛ» ብሎ ቲኬቱን መቁጠር ቀጠለ። እኔን ደግሞ አራተኛ ዙር ብሎ ሰየመኝ፣ ቲሙ በዛው ድራፍት በ4ኛ ዙር፣ በ102ኛ ፒክ፣ ማንም ሳይጠይቀው ኪርክ ከዝንስ የሚባል ተጠባባቂ ወስዶ ስለነበር።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ጎበዝ ነበር፣ ግሪፈንም ጎበዝ ነበር፣ እዚህ ላይ ማንም አይዋሽም። ግሪፈን የዛን ዓመት ከ800 ያርድ በላይ በእግሩ ሮጧል፣ ዲቪዥኑን (ምድባቸውን) አሸንፈዋል፣ ማናጀራችን ፈገግ ብሎ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ግን ኳርተርባክ በዛ ልክ የሚሮጠው ለምንድነው? ልጁም ቦርዱ ጋ መቆም ሲገባው መኪና የሚያወጣለት ሰው የለም፣ ስለዚህ ራሱ ይሮጣል፣ ቁልፍ ይዞ ሌቨል ሲ፣ ተመልሶ ቦርድ፣ እንደገና ሌቨል ቢ። ዲሴምበር ላይ ዝናብ የገባበት ራምፕ ላይ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። በማግስቱ ቡቱን ጥብቅ አድርጎ አስሮ መጣ። ማናጀሩ «ትችላለህ?» አለው፣ «አዎ» አለ። ምን ይበል፣ አገር ቤት የሚጠብቁት ሰዎች አሉ፣ እኔ ደግሞ እዛው ቆሜያለሁ።

ጃንዋሪ 6, 2013 ፕሌይኦፉ (ጥሎ ማለፉ) ከሲያትል ጋር ላንዶቨር፣ የቲሙ ስቴዲየም ነበር። ጋሼ ቤት ሆነን ነው ያየነው። ግሪፈን ጉልበቱን ከባልቲሞር ጋር የተመታው ከወር በፊት ነው፣ ያን ቀን ገብቶ የጨረሰውም ከዝንስ ነበር። አሁን 14 ለ 0 መሩ፣ ከዛ ግሪፈን ማነከስ ጀመረ፣ ሕጉን የማላውቀው እኔ እንኳን ታየኝ። አላስወጡትም። አራተኛው ኳርተር ላይ መሬት የወረደች ኳስ ሊያነሳ ሲል ጉልበቱ ወደ ጎን ታጠፈ። 24 ለ 14 አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ቡዝ ውስጥ ሂተሩ ይንጫጫል፣ ማናጀሩ ጋዜጣውን ዘርግቶ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው። ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰኞ ነዋ፣ ምላሴን በላኝ።

«ለምንድነው ያላስወጡት?»

«ማንን?»

«ግሪፈንን። ሲያነክስ አላዩትም?»

ቀና ብሎ አየኝ። የቲሙ ኮች ሻናሃን የሱ አጎት ይመስል ተቆጣ። «ጠይቆታል! ደህና ነኝ ብሏል! ያመኛል እንጂ አልተጎዳሁም ብሏል! ተጫዋቹ እንደዛ ካለህ ምን ታደርጋለህ?»

«ታዲያ ምን ይበል?» አልኩት፣ እንግሊዝኛዬ ያኔ ብዙም ስላልነበር አጭር አጭር ነው የወጣልኝ፣ ለዛ ይሆናል የከበደው። «ቦታውን የሚፈልግ ሰው ጎኑ ቆሞ አሞኛል ይላል እንዴ? ጠያቂው ነው እኮ ማየት ያለበት።»

ይሄን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ልጁ በራምፑ ወረደ። የግድግዳውን ብረት ይዞ፣ ቀኝ እግሩን እያስቀደመ፣ ግራውን እየጎተተ። ሶስታችንም አየነው። ጋሼ ሃያ ሃያውን ዶላር ሲቆጥር የነበረውን አቆመ። ሂተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ማናጀሩ ጋዜጣውን ለሁለት አጠፈ፣ ከዛ ለአራት አጠፈ፣ ከዛ ወደ እኔ ዞሮ «ሌቨል ቢ ላይ ያለው ዘይት ተጠርጓል?» አለኝ።

ሄጄ የድመት አሸዋ በተንኩበትና ጠረግኩ። ዘይቱ ከአርብ ጀምሮ እዛው ነበር፣ እስከዛች ደቂቃ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በዛው ሳምንት ግሪፈን ጉልበቱን ኦፕራስዮን ሆነ፣ ልጁም ክሊኒክ ተላከ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰንጥቋል ተባለ። ጋራዡ ውስጥ ወሬው ሲዞር እኔ ጀግና ሆኜ ቁጭ። አለቃውን ፊት ለፊት የተናገረው፣ ለወንድሙ የቆመው። የሌላ ቅርንጫፍ ልጆች ሳይቀሩ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ቦርዱን ማን ይያዝ ሲባል ጋሼ «አንዴ ካወረዱኝ አልወጣም» አለ፣ ስለዚህ አራተኛ ዙር ቦርዱ ጋ ቆመ።

የዛን ማታ ሺፍት ስንዘጋ ጋሼ የቡዙን መጋረጃ እያወረደ፣ «አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ለልጁ አዝነህ ነው ወይስ ቦርዷን ፈልገህ?»

«ኧረ በማርያም ጋሼ፣ ምን ይላሉ?» አልኩ።

«እሺ» አለ። ሁለተኛ አንስቶት አያውቅም፣ እስካሁን የሚያሳክከኝም ይሄ «እሺ» ነው። ዲሴምበሩን ሙሉ ልጁ ሲያነክስ አይቼ ለማንም አልተናገርኩማ። ማታ ማታ ባስ ላይ ታርጋ በቃሌ ስለማመድ ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው አጭር ነው። ልጁ ተመለሰ ግን እንደ ድሮው አልሮጠም፣ ትንሽ ቆይቶ ኡበር ገባ፣ ግሪፈንም እንደ መጀመሪያ ዓመቱ ሆኖ አያውቅም። እኔን «አክቲንግ ሊድ» (ጊዜያዊ ኃላፊ) አሉኝ፣ ለስድስት ወር እንይህ፣ ከዛ ሌላ ስድስት ወር፣ እንዲህ እየተባለ አምስት ዓመት። ከዝንስም እንደዛው፣ ቲሙ ረጅም ኮንትራት አልሰጥም ብሎ ሁለት ዓመት በተከታታይ በፍራንቻይዝ ታግ (በአንድ አንድ ዓመት ኮንትራት) አቆየው። ልዩነቱ እሱ ለመጀመሪያው 20 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲቀበል እኔ በሰዓት 75 ሳንቲም ተጨመረልኝ። በ2018 እሱ 84 ሚሊዮን ሙሉ ጋራንቲ ይዞ ሚኒሶታ ሄደ፣ እኔ አንድ ሆቴል ቫሌ (የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ማቆም) ገባሁ። ማናጀሩ ስሰናበተው «ቆይ እንጂ፣ እያሰብንበት ነበር» አለኝ።

የዛኑ ዓመት ኖቬምበር 18 ጋሼ ደወለ፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ቀኑን አየኸው? ቀኑን!» የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ እግሩ ተሰብሯል፣ ከታይዝማን ልክ 33 ዓመት በኋላ፣ ውጤቱም እንደዛኛው 23 ለ 21። ያኔ አሸንፈው ነበር፣ አሁን ተሸነፉ። ጋሼ ጸበል ቢረጩበት ነው የሚሻለው አለ። ከስሚዝ በኋላ ሃስኪንስ፣ ሃይኒኪ፣ ዌንትዝ፣ ሃወል፣ እያንዳንዱ ሲመጣ ማናጀሩ «አሁን አገኘን» የሚል ቴክስት ይልክልኝ ነበር። በ2024 ጄይደን ዳንኤልስ ሲመጣም ላከ፣ ያኛው እውነት ሆነ፣ 12 ለ 5 ጨርሰው ለኮንፈረንስ ዋንጫ ደረሱ።

በ2025 ኖቬምበር 2፣ እሁድ ማታ ላንዶቨር፣ አሁንም ሲያትል። እኔ ሆቴሉ ላይ ሊድ ነኝ፣ እውነተኛ ሊድ፣ አክቲንግ የለም። ትልቅ ሠርግ ነበረን፣ አንድ ሰው ቀርቷል። ስልኬ ቦርዱ ላይ ተደግፎ ጨዋታው ይታያል፣ 38 ለ 7 እየተመሩ ዳንኤልስ አሁንም ሜዳ ላይ ነው፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ወደቀና የግራ ክርኑ ወለቀ። ኮቹ በኋላ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል።

ወዲያው ቴክስት ገባ፣ ከማናጀሩ። «አየኸው?» ብቻ ነው የሚለው።

ቀና ስል ከሾፌሮቼ አንዱ፣ አዲስ የገባ ልጅ፣ ወገቡን በአንድ እጁ ይዞ ቁልፍ እየጠበቀ ነው። ከማታው መጀመሪያ ጀምሮ ነው የያዘው፣ ሁለት ሰዓት ላይ ጠይቄው ነበር፣ ደህና ነኝ ብሏል። የሙሽራው አባት ትኬቱን እያወዛወዘ ነው፣ ኤስካሌዱ ያለው ሌቨል ሲ መጨረሻ ላይ። ለልጁ ቁልፉን ሰጠሁት።

ለማናጀሩ እስካሁን አልመለስኩለትም።